የቦቢናው ገመድ

ወንድሜ ቀናተኛ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የምናገረው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰው ቤት ሄዳ መስኮት ትለካለች፣ ቤቷ ትሰፋለች፣ ተመልሳ ሄዳ ትሰቅላለች። እሷ መሰላል ላይ ወጥታ ስትሰቅል መሰላሉን ማን እንደያዘላት ሳይጠይቅ እራቱ አይዋጥለትም። እኔ ደግሞ በእሱ እየሳቅሁ፣ ቅናት የሚባል ነገር በደጄም አያልፍም እል ነበር።

እሱ ጋራዥ አለው። እኔ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የምትጋራ የመለዋወጫ ሱቅ አለችኝ። ካንዴላ ሲፈልግ ግድግዳውን በመፍቻ ይመታል፣ እኔ ይዤለት እወጣለሁ። የጠዋት ሻዩን የሚጠጣው እኔ ጋ ነው፣ የቀትሩንም እኔ ጋ፤ ማታም ከመዝጋታችን በፊት አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ፣ የደንበኞቹን ጉድ ሁሉ አራግፎልኝ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ለእሱ ያዘጋጀሁለት በርጩማ አለች፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ደስ አይለኝም። ሚስቱ አንዳንዴ በበሩ ብቅ ብላ «ዛሬም እዚሁ ናችሁ?» ትለናለች። «የት እንሂድልሽ?» እላታለሁ። እንሳሳቃለን።

የሚስቱ መኪና ሳሊቱ ትባል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳትስል ስለማትነሳ ወንድሜ ነው ስሙን ያወጣላት። ትንሽ፣ አሮጌ፣ ቀለሟ የተላጠ የቤንዚን መኪና ናት፤ የመጋረጃ ብረቶቹ በኋላ መስኮቷ ወጥተው እየተንቀጫቀጩ ስትመጣ ከሩቅ ትታወቃለች። ሳሊቱ አንድ ዓመል አለባት። ሚስቱ ሥራ ጨርሳ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። የወንድሜ ስልክ ይጮሃል። «ሳሊቱ ቆማብኛለች።» በቃ፤ የሰው ሞተር ተበትኖ ቢሆን፣ ደንበኛ ራሱ ላይ ቆሞ ቢጮህበት፣ ሻዩን ከግማሽ ጥሎት ይነሳል። ሄዶ ኮፋኖውን ይከፍታል፣ ከቦቢናው እሳት የሚወስደውን አጭር ወፍራም ገመድ ወደ ቦታው ይጫነዋል፣ ሳሊቱ ትስልና ትነሳለች። ያቺ ገመድ ከሌለች ወይም ከላላች ሞተሩ ሲዞር ይውላል እንጂ እሳት አይይዝም። «ይቺ ገመድ መላላት ትወዳለች» ይለኛል በማግስቱ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። አንድ ጊዜ ተናድጄ አዲስ ገመድ ሰጠሁት። ቀየረው። አዲሷም ላላች።

ከዚያ ሕጉ መጣ። መንግሥት ሁለት ነገር ነው ያመጣው። አንደኛው ድጎማ ነው፤ አሮጌ የነዳጅ መኪናውን ወደ መሰባበሪያ ግቢ ወስዶ ላስረከበ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ሲገዛ ከዋጋው ደህና ተደርጎ ይቀነስለታል። ግን መኪናው በራሱ ሞተር እየተነዳ ግቢ መግባት አለበት። ሬሳ እየጎተቱ ድጎማ ስጡን የሚሉ እንዳይበዙ ይመስለኛል። ሁለተኛው የመኪና ሻጮቹን የያዘ ነው፤ ከሚሸጧቸው አምስት መኪኖች አንዱ የግድ የኤሌክትሪክ ይሁን፣ ካልሆነ ይቀጣሉ ተባለ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የዘይት ማጣሪያ የለውም፣ ቦቢና የለውም። ያን ቀን ዞር ብዬ መደርደሪያዬን አየሁትና አንጀቴ እርር አለ።

የወንድሜን አንጀት ያሳረረው ግን ሻጩ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን «ዋጋ ልጠይቅ» ብላ ወደ መኪና መሸጫው ጎራ ከማለቷ ሻጩ ይደውልላት ጀመር። ጠዋት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል። ሚስቱ ከሩቅ የሚሸት ሽቶ ይቀባል ስላለችው ወንድሜ ሽቶው አለው።

«ዛሬም ሽቶው ደወለ» ይለኛል በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ።

«ምን አላት?»

«‹እህቴ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ያቺ ነጯ ለአንቺ ነው የተሠራችው› አላት። እሷ ትስቃለች፣ እታለም! ስልኩን ጆሯ ላይ አድርጋ ትስቃለች! ለኔ እንደዚያ የሳቀችው መቼ ነው?»

ይግረምህ ብሎ ሽቶው ነጯን መኪና ለሙከራ ብሎ ለግማሽ ቀን አዋሳት። ወንድሜ በዚህ መንገድ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳያይ «እገሌ መጣ» ይላል። ያን ቀን ግን ሚስቱ መጥታ፣ በሩ ላይ አቁማ፣ ወርዳ፣ ከጀርባው ቆማ ትከሻውን ስትነካው በድንጋጤ ጭንቅላቱን ከኮፋኖ ጋር አላተመው። «እንዴት ሳልሰማሽ?» አለ። እሷ ውሃ ልትጠጣ ወደ እኔ ስትገባ፣ በሱቄ መስኮት አየሁት፤ የመኪናዋን በር ከፍቶ ወንበሩን ያሸታል። የሹፌሩን ወንበርም አሸተተ፣ የጎኑንም አሸተተ። እኔ ልስቅ አልቻልኩም፤ ነጯ መኪና በእርግጥ ታምር ነበር፤ ሳሊቱ አጠገቧ የተጣለ ጣሳ ትመስላለች። ለምን እሷ ትነዳታለች፣ እኔ እድሜዬን ሁሉ በዘይት ተጨማልቄ በእግሬ ስሄድ? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ነው ያልኩት፤ አልተናገርኩም።

በሳምንቱ ወንድሜ አላስችል ብሎት «ነይ አብረን እንሂድ፤ ይሄን ሰውዬ ዓይኑን ልየው» አለኝ። ሄድን። መሸጫው ወለሉ ፊት ያሳያል። ሽቶው የሱፍ ልብሱን አስተካክሎ፣ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ እየሳቀ መጣ። ወንድሜ ገና «የመጋረጃ ሰፊዋ ባል ነኝ» ከማለቱ ሰውየው አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ወንድሜ! እርስዎን እንዴት ስፈልግ ነበር! እባክዎ ያስወስኗት። አራት የነዳጅ መኪና የፈለጉ ሰዎች ተሰልፈውብኛል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ካልሸጥኩ አንዷንም ልሰጣቸው አልችልም። አለቃዬ ሊበላኝ ነው። ለእርስዎስ? ለራስዎ አንድ አይወስዱም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለወንድሜም ይደውልለት ጀመር። «እንዴት አደሩ፣ ወንድሜ? ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» ይለዋል። ያ ሁሉ ፍቅር የኮታ ፍቅር መሆኑን ወንድሜም ገባው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይተወዋል። እሱ ግን ሽቶውን ለቀቀና መኪናዋን ያዘ።

«እታለም» አለኝ አንድ ጠዋት፣ ሻዩን ሳይነካ። «ያቺ መኪና አትበላሽም ይላሉ።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ካልተበላሸች ለማን ነው የምትደውለው?»

ሃያ ዓመት መኪና የጠገነ ሰው፣ የሚስቱ መኪና አይበላሽም ብሎ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ግን እውነቱን ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙት በሳሊቱ ብልሽት ነው። እቤት ሲገባ ድካም ነው፣ መስፊያው ነው፣ እንቅልፍ ነው። መንገድ ዳር ኮፋኖ ከፍተው ግን ይስቃሉ፤ ከዚያም አብረው ሳሊቱ ውስጥ ገብተው፣ ሊደርሱ ከሚገባቸው ሰዓት በጣም ዘግይተው ይመለሳሉ። እኔ ሻዩን ደግሜ አሙቄ እጠብቃለሁ። አይመጣም።

የድጎማው የመጨረሻ ቀን ደረሰ፤ ሚስቱም ሳሊቱን ልታስረክብ ቆርጣለች። መሰባበሪያ ግቢው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ድጎማ የለም፣ ድጎማ ከሌለ ደግሞ ነጯን መኪና መጋረጃ ሰፍቶ መግዛት አይታሰብም። ወንድሜ ከምሳ በኋላ ወደ ሱቄ ገባ። አልተቀመጠም። ቀኝ እጁ ከቱታው ኪስ አይወጣም።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

ከኪሱ ጥቁር ነገር ጫፉ ብቅ ብሏል። እድሜ ልኬን የሸጥኩትን ዕቃ በጫፉ ባላውቀው ነበር የሚገርመው። የቦቢናው ገመድ ነው፤ የሳሊቱ። ዓይኔን አየና አንገቱን ደፋ።

«ትደውልልኛለች» አለ። «እሄዳለሁ። ስፈልግ፣ ስፈታ፣ ስገጥም ሰዓቱ ያልፋል። አታጋልጪኝ።»

«እኔ ምን አየሁ?» አልኩት። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር! ሳሊቱ ትኑርልኝ፣ ነጯ መኪና በአፍንጫዬ ትውጣ፣ መደርደሪያዬም አይሙት፣ እሷም እንደ እኛው ታዝግም። እንዲህ ነው ያልኩት በልቤ።

ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ቤታቸው ከጋራዡ ጀርባ ነውና ሳሊቱን ለማስነሳት ስትሞክር ሁለታችንም ሰማን። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ይዞራል፣ አይነሳም። ከዚያ ዝም አለ። በግድግዳው ቀዳዳ ወንድሜን አየሁት፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጎማ ላይ ቁጭ ብሏል። ስልኩ አልጮኸም።

የሱቄ በር ተከፈተ። እሷ ናት። የመስፊያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጇ ዘይት ነክቶታል።

«እትዬ፣ የቦቢና ገመድ ስጪኝ።»

ደነገጥኩ። ይቺ ሴት ጎማ እንኳ ሲተነፍስ ባሏን የምትጠራ ናት፤ ቦቢናን በስሙ ከየት አወቀችው? አፌ ግን ፈጠን አለ።

«የለም። አልቋል።»

ቀና ብላ አየች። «ከራስሽ በላይ የተሰቀለው ምንድነው?»

«እሱ የሌላ መኪና ነው።»

«የሳሊቱ ነው፣ እትዬ። ያኔ ለእሱ ከሰጠሽው ጋር አንድ ነው።»

ፊቴ ጋለ። እሷ ግን አልጮኸችም። መጥታ በወንድሜ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን እንደወሰደው አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን በዓይኗ እያሳየችኝ። «ኮፋኖውን ስከፍት ወዲያው ነው ያወቅሁት። እኔም ሁሌ እሷኑ ነበር የማላላው።»

«የምን ማላላት?»

«አዲስ ገመድ በራሱ ይላላል እንዴ፣ እትዬ? አንቺ እንኳ አልነቃሽም? ሥራዬን እጨርስና ጥግ ይዤ አቆማለሁ፣ ገመዷን ሳብ አደርጋታለሁ፣ እደውልለታለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲመጣልኝ ነዋ!» ድምጿ ከፍ አለና መልሳ ዋጠችው። «ጠዋት አንቺ ጋ ነው። ቀትር አንቺ ጋ ነው። ማታ አንቺ ጋ ነው። ወሬውን ሁሉ እዚች በርጩማ ላይ ጨርሶ ይመጣል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ ማንኮራፋቱ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ስጠራው ግን እየሮጠ ይመጣል። ቀንቼብሽ ነው፣ እትዬ። ስንት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሽ ነው የኖርኩት። እኔ ነኝ ሚስቱ፣ ሻዩን የምትጠጪው አንቺ ነሽ።»

በሩ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬም እዚሁ ናችሁ?» ስትል የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ሳሊቱን ለምን ትሰጫታለሽ?» አልኳት በመጨረሻ። «ማላላቱን ለምን አትቀጥይም?»

«ደከመኝ። ገመድ እየነቀልኩ ባል መጥራት ደከመኝ። ሳይበላሽ ይመጣ እንደሆነ ልየው።»

ተነሳሁና ገመዱን ከተሰቀለበት አወረድኩት። ስሰጣት እጄን ያዝ አደረገችኝ። «እንዳትነግሪው» አለችና ወጣች።

ብዙም አልቆየ። ሳሊቱ ሳለች። ደግማ ሳለችና ተነሳች። ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ብረት ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ወንድሜ ገመዱን በእጁ እንደያዘ በሱቄ በር ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተነሳች» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ገመዷ እኔ ጋ ናት እኮ! ማን ሰጣት? ማን ገጠመላት? ሽቶው መጣ እንዴ?»

ያኔ፣ እንዲህ በጭንቁ ሰዓት እንኳ፣ ቅናቱን አልተወም። ልነግረው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው እዚያችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ሲያወራው ይመሻል፤ ሻይም አቀርብለታለሁ። ዋጥ አደረግሁት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ሂድና እሷን ጠይቃት። ሩጥ፣ ሳትወጣ ድረስባት!»

ሮጠ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ሳሊቱ መታጠፊያው ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ የጎኑ በር ከውስጥ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ገባ። እስከ መሰባበሪያው ድረስ አብረው ሸኟት።

ነጯ መኪና እንደተባለውም አትበላሽም። ወንድሜ ሻዩን ሲጠጣ ስልኩን ከብርጭቆው አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ አየት ያደርገዋል፣ ያገላብጠዋል። አይጮህም። ሚስቱም በነጯ ስታልፍ ድምፅ አይሰማም፤ ሁለታችንም አንገታችንን እያሰገግን የምናየው ባዶ መንገድ ነው። አንዳንዴ አዝንለታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንደ ድሮው መሆናችን ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ደንብሮ አነሳው።

«ምን ሆነች?» አለ ብድግ ብሎ። «ቆመችብሽ? ባትሪው ነው?»

አዳመጠ። ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ፣ ልጅ ሳለን ብቻ የማውቀው።

«ተበላሸች?» አልኩት።

«ኧረ ምንም አልሆነችም» አለኝ ቱታውን እያወለቀ። «‹ና› ነው ያለችው።»

ሄደ። እጁን እንኳ አልታጠበም። ብርጭቆውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ሻዩ ገና ይተናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ፉት አላለውም። በርጩማዋን ገፋ አድርጌ ራሴ ተቀመጥኩባት። ቀናሁ።