ከምድጃው በላይ ያለው ገመድ

፩

አልበቀለም።

ዙምራ በጣቷ አፈሩን ጫረችና ፍሬውን አገኘችው። ጫፉ ነጭ ብሎ አጎንቁሏል፤ አጎንቁሎ ደርቋል። ሌላ ቦታ ጫረች። እዚያም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ ቦታ አልጫረችም።


፪ ዝናብ

በሚያዝያ መጀመሪያ መጣ። ቆርቆሮውን አንኳኳ፣ ጉድባውን ሞላ፣ ሰዉን በየደጁ አሳቀ። በወሎ ቆላ ያለ ገበሬ ዘሩን ይዞ ወጣ። ከዚያ ዝናቡ ሄደ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ይኼኛው ሲቀርም አሳስቆ ነው።


፫

አንባቢዬ፣ ዙምራን ሳላስተዋውቅህ አፈር አስጫርኳት። ልካስህ።

ባሏ ይማም ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። አንዲት ልጅ ትቶላታል። በዚያ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ስለዚህ መሬቷን የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሙሄ በእኩል ያርሱላታል። ዘሩ ግን የሴት ነው። አዝመራው ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ገብታ ያማረውን ዛላ የምትመርጥ፣ ከምድጃው በላይ በተዘረጋው ገመድ የምትሰቅል፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ዓመቱን ሙሉ በጭስ የምትጠብቅ እሷ ናት።

የዙምራ ዘር ከአማቷ እጅ የተቀበለችው ጅጉርቲ ነው፤ ሲቆም ሰው የሚሰውር፣ ለመድረስ ግን እስከ ኅዳር የሚያስጠብቅ ማሽላ። ጎረቤቱ ሁሉ ቶሎ በሚደርስ ዘር ከቀየረው ቆይቷል። የቀረው በእሷ ገመድ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ደንብ አለ። ዝናብ ከድቶህ ደግመህ ብትዘራ፣ ሠልሰህም ብትዘራ፣ የመጨረሻው ዛላ ከገመዱ አይወርድም።


፬

አወረደችው።

በግንቦት እንደገና ዘነበ፤ ጋሽ ሙሄ "አሁንስ የምሩን ነው፣ ወላሂ!" አሉ። ማሳው ሊያልቅ ሲል ዘሩ አጠረ። ዙምራ ቤት ሮጣ ገመዱን ባዶ አድርጋ ተመለሰች። ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር። ይኼን የምጽፈው ስህተቱ ከደስታ የመጣ መሆኑን እንድታውቅላት ነው።


፭ ዝናብ




፮

የሰኔ መጨረሻ። ቡቃያው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆሟል። ጋሽ ሙሄ በሬዎቻቸውንና የጤፍ ዘር ይዘው መጡ።

ጋሽ ሙሄ፦ እንገልብጠው። ሰማሽኝ? ለጤፍ የሚሆን ዝናብ ሐምሌ ላይ አይጠፋም። ማሽላው ግን አበቃለት።

ዙምራ፦ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ሙሄ፦ ኧረ በሆድሽ አትያዢው! ማልቀስም ከሆነ አልቅሺ።

ዙምራ፦ ምን ብዬ ላልቅስ፣ ጋሽ ሙሄ? ሰው አልሞተ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላል ሰው። ማዘን እንደሚገባት ታውቃለች። ሐዘኑን ፈለገችው፤ አጣችው። ይማም የሞተ ዕለትም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ለቀስተኛው ጨካኝ ናት ብሎ አምቷታል።


፯ ቡቃያ እንዴት ይገለበጣል

በሬዎቹን ጥመድ። አፋቸውን እሰር፤ ድርቅ የመታው የማሽላ ቡቃያ ከብት ይገድላል። ከላይኛው ጥግ ጀምር። ወደ ኋላህ አትይ። ሴትዮዋ ወሰኑ ላይ ተቀምጣ እንደሆነ እሷንም አትይ።

እረስ።

እረስ።

እረስ።


፰

በመጨረሻ ጉድባው አጠገብ ያለችው ጥግ ቀረች። እዚያ ቡቃያው ትንሽ አረንጓዴ ነው። ዙምራ ተነስታ በሬዎቹ ፊት ቆመች።

ዙምራ፦ ይችን ይተዉልኝ።

ጋሽ ሙሄ፦ ደርቃ ለምትቀር? ማሳው በሙሉ ጤፍ ቢሆን እንኳ ለሁለታችን ቤት አይበቃም።

ዙምራ፦ ከእኔ ድርሻ ይቀነስ።

ጋሽ ሙሄ፦ ያንቺ ድርሻ እኮ የልጅሽ ጉሮሮ ነው፣ ዙምራ።

ዙምራ፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ሙሄ፦ እና?

ዙምራ፦ ዘሩም የእሷ ነው።

ጋሽ ሙሄ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ደመና አለ። ደመናማ መች ጠፍቶ ያውቃል። ማረሻውን ከመሬት ነቀሉት። "አብሽሪ" አሉ። ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።


፱

ዙምራ እሾህ ቆርጣ ጥጓን አጠረች። ቤት ገብታ እሳት አነደደች። ባዶውን ገመድ ከምድጃው በላይ እንደገና ወጥራ አሰረችው።

የሚጠበቅ ዘር አልነበረም። ጭሱ ግን እንደ ልማዱ ወጥቶ ገመዱን አገኘው። ተቀምጣ አየችው። ምንም አልተሰማትም፤ ዓይኗ ብቻ አለቀሰ፤ እሱም ከጭሱ ነው።

ይኼን ሳሰባስብ ሐምሌ ገና አልገባም።


፲ ዝናብ