ሁለተኛው ልመና

ሪያሊንን የሚያውቅ ሁሉ ግትርነቷን ከእኔ ከአክስቷ እንደወረሰች ያውቃል። እናቷ ፌሊሳ፣ እህቴ፣ ለስላሳ ሰው ነበረች። ደም ሲፈሳት አፍራ ዓመት ሙሉ ደብቃ፣ በማህፀን በር ካንሰር ሞተችና የአራት ዓመት ልጇን ለእኔ ተወችልኝ። እኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ ማኒላ አጠገብ ባለችው ከተማችን በኦባንዶ ገበያ ዓሣ እየሸጥኩ አሳደግኳት። እንግዲህ ልጅቷ በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ገና ባገባች በሁለተኛው ዓመት፣ ያው በሽታ ሲገኝባት «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚሉት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ደግነቱ ገና ጅምር ነበር። ማኒላ ያሉት ቀዶ ሐኪሟ፣ ዶክተር ቪላሩዝ፣ ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን። እብጠቱ ከጣት ጥፍር አይበልጥም።

«የማህፀኑን በር ቆርጬ አወጣለሁ፣ ማህፀኑን እተዋለሁ። አፉን ደግሞ ፅንስ እንዲይዝ በጠንካራ ክር አስረዋለሁ» አሉ። «ግን መጀመሪያ ዳሌዋ አካባቢ ያሉትን የንፍፊት ዕጢዎች አውጥተን እዚያው እናስመረምራለን። በሽታው እነሱ ጋ ከደረሰ፣ ወይም የቆረጥኩት ጠርዝ ንጹሕ ካልሆነ፣ ማህፀኑን ማትረፉ ይቀራል።»

«ሁሉንም ያውጡት!» አልኩ። «በሩን ብቻ ማውጣት ምን ያደርጋል? ቤቱን ነቅለው ይጣሉትና ልጄን ይመልሱልኝ።»

«አክስቴ፣ ማህፀኑ የማን ነው?» አለች ሪያሊን።

«ያንቺ ነዋ። አንቺ ደግሞ የኔ ነሽ።»

ዶክተሯ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ እብጠቱ ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን በሽታው ተመልሶ የመምጣቱ ነገር ሁሉንም ከማውጣት ብዙም እንደማይለይ ነገሩኝ። አልዋጥልኝ አለ። ከሪያሊን ጋር ሦስት ቀን ተኮራረፍን።

የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ በሳንታ ክላራ ቀን ዋለ፤ ኦባንዶ ውስጥ ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች ቅድስቲቱን እየጨፈሩ የሚለምኑበት በዓል ነው። ሪያሊን በዚያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ጨፍራ ልጅ ልትለምን ተስላ ነበር፤ ስለት ደግሞ ስለት ነው።

«አርቪን ሆስፒታል ይጠብቃል» አለችኝ፣ ባሏን በከንፈሯ እየጠቆመች። «አንቺ በኔ ፈንታ ትጨፍሪያለሽ። ማህፀኔን ለምኚልኝ። እሺ በይ።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«በጉልበትሽ አይደል የምትለምኚው።»

እሺ አልኩ።

በበዓሉ ጠዋት የእሷን አበባማ ቀሚስ ለበስኩና ሰልፍ ገባሁ። ቀሚሱ ወገቤ ላይ አልዘጋ ስላለኝ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ከፊቴም ከኋላዬም ያሉት ልጅ የቸገራቸው ወጣት ሚስቶች ናቸው። እጃችንን ወደ ላይ እያወዛወዝን፣ የሳንታ ክላራን ሐውልት ከተሸከሙት ኋላ በዝግታ ተንቀሳቀስን። ገበያ ውስጥ ከጎኔ የሩዝ ኬክ የምትሸጠው ቶያንግ መንገድ ዳር ቆማ አየችኝ።

«ኢሲንግ! በስልሳ ዓመትሽ ልትወልጂ ነው?» ብላ ጮኸች። «አባትየው ማነው? በረዶ አመላላሹ?»

«ያንቺው ባል ነው፤ አልነገረሽም?» አልኳት።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ላይ ያለው ስልክ ግን በላብ ርሶ ነበር። በዚያ ሰዓት ልጄ ሆስፒታል ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች።

ሐውልቷ ቤተ ክርስቲያኑ በር ስትደርስ የሚለመነው ይለመናል። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንሾካሹካሉ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ማህፀን የሚለው ቃል ግን አልወጣ አለኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን ፈራሁ።

«ልጄን ብቻ» አልኩ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ሪያሊንን ብቻ ተይልኝ።»

እንዲህ አድርጌ የሰው ስለት አበላሸሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። አርቪን ያለቅሳል እንጂ አይናገርም።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ!»

«ንጹሕ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዕጢዎቹም፣ ጠርዙም። ማህፀኗም አለ፣ ክሩም ታስሯል። ነቅታ ውሃ ስጡኝ እያለች ነው።»

እዚያው አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ቶያንግ የሞትኩ መስሏት አንድ ባልዲ ውሃ ደፋችብኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የመጨረሻው የምርመራ ወረቀት የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሱም ንጹሕ ሆነ። ወረቀቱን ተቀብለን ሦስታችንም ጂፕኒ በምንለው የሕዝብ ታክሲ ወደ ኦባንዶ ስንመለስ ግን የሆዴን መደበቅ አቃተኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪኝ።»

«ብቻ አታስቂኝ፤ ስፌቱ ያመኛል።»

«ማህፀንሽን አልለመንኩልሽም። ሁለት ከጠየቅሁ ሳንታ ክላራ አንቺን የምትነሳኝ መሰለኝ። አንቺን ብቻ ለመንኩ።»

ሪያሊን ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ? መቼም አንተ ለምነህልኛል።»

የአርቪን ጆሮ ቀላ። «እኔም... አንቺን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ማህፀኔን ማን ለመነው?»

ፊት ለፊታችን ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት «ሐኪሟ ይሆናሉ፣ ልጄ» አሉ።

ጂፕኒው በሳቅ ፈነዳ። ሪያሊን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «አታስቁኝ አላልኩም!» እያለች ሳቀችም አለቀሰችም። ሲበርድላት ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

«ለእናቴም ለምነሽ ነበር?»

«ለእናትሽ ሁሉንም ለመንኩ። እንድትድን፣ ሌላ ልጅ እንድትወልድ፣ አርጅተን አብረን እንድንነዛነዝ። አንዱም አልሆነም።»

እጄን ያዘችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ የጂፕኒውን ጣሪያ በሳንቲም መታች፤ ሹፌሩ ቆመ።

«ውረጂ» አለችኝ። «ግቢና የቀረውን ጠይቂ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም።»

ገባሁ። ከሰዓት ስለነበር ማንም የለም። የገበያ ጫማዬን እንዳደረግሁ ሳንታ ክላራ ፊት ቆምኩ።

«ሁለተኛውን ይዤ መጣሁ» አልኳት። «ወንድ ሴት አልመርጥም። ዶክተሯ አንድ ዓመት ጠብቁ ስላሉ አትቸኩዪ።»

እጄን ወደ ላይ አንስቼ ትንሽ ተወዛወዝኩ። ውጭ ሹፌሩ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ እኔ ግን ጭፈራዬን ሳልጨርስ አልወጣሁም።