ነቀዝ የለመደው ክኒን

ፈሪ ነኝ። ሱዳን ጠረፍ ያለው ከተማችን ኮኪት ያወቀው ነው። ወንድሜ ለይኩን ሰው በተሰበሰበበት «አሰፋች እኮ የገዛ ጥላዋን ነው የምትሸሸው» እያለ ያስቅብኛል። ይሳቅ። ባሌን ቀብሬ እሱ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ክፉውን ቀድሜ የማሸተው እኔ ነኝ፤ የሚሰማኝ ግን የለም።

ከግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየ ባንተአምላክ የሚባል የባዮሎጂ መምህር አለ። ከለይኩን ጋር አመሻሽ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ጠብ አይደለም፤ አንዱ ከሌለ ለሌላው እህል አይወርድለትም። እኔ ግን ገና ሲጀምሩ እፈራለሁ። ለምን በሉኝ፤ ተናግረው አይተዉትማ፣ የተናገሩትን እኛው ቤት ላይ ይሞክሩታል።

መጀመሪያ የተያያዙት በሙቀት ነው። ለይኩን ሰሊጥ ጥሩ ያወጣለት ዓመት ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀለ፣ ቬንትሌተር ገዛ። መምህሩ ሳቀበት። ቆርቆሮው የሚያወርደውን ሙቀት ቬንትሌተሩ ከወዲያ ወዲህ ያንከራትተዋል እንጂ መች ያወጣዋል፣ ያቺን የድሮ የሣር ጎጆህን ብታድሳት ያለ ምንም መብራት ትቀዘቅዛለች አለው። ለይኩን ወደ ድህነቴ ልትመልሰኝ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲያበቃ ራሱ ጭቃ አስረግጦ የጎጆዋን ግድግዳ ቀዳዳ ሳያስቀር አስመረጋት። እውነትም ቀዘቀዘች። በግንቦት ቀትር፣ ውሻው ጥላ አጥቶ ሲያለከልክ፣ ጎጆዋ ውስጥ ደጋ ነው። የለይኩን ሚስት ስርጉት ሕፃኗን መስከረምን ቀን ቀን እዚያ ታስተኛት ጀመር። መስከረም ገና መዳህ መጀመሯ ነው። የጎጆዋ ግማሽ ደግሞ የማሽላ ጆንያ የተከመረበት ነው፤ በመካከሉ ያለው የአገዳ ግርዶሽ ብቻ።

ቀጥሎ ነቀዝ መጣ። አምና በየጆንያው አንድ አንድ የነቀዝ ክኒን ጣል ተደርጎ ነቀዙ ድምጥማጡ ጠፍቶ ነበር። ዘንድሮ ክኒኑ ላይ ይሄድበታል። ለይኩን «ለመደው» አለ። እኛም ከደጋ የወረድን ጊዜ ሙቀቱ ሊገድለን ነበር፣ ወባው ሊገድለን ነበር፣ ይኸው ለምደን እንኖራለን፤ ፍጥረት ሁሉ ይለምዳል አለ። መምህሩ አይደለም አለ። አንድም ነቀዝ አልለመደም፣ ያልቻለው ሞተ፣ የቻለው መሰሉን ወለደ፣ አሁን የምታየው የተራፊዎቹን ልጆች ነው አለ። ለይኩን ፍጥረትን የሠራው እግዜር እንጂ ክኒን አይደለም፣ አንተ ከዝንጀሮ መጣሁ ካልክ መብትህ ነው ብሎ ሰው አሳቀበት። ባንተአምላክ ከንዴቱ የተነሣ መናገር የሌለበትን ተናገረ።

«ለመድን ትላለህ። ያልለመዱትንማ ቀብራችኋል።»

ደሴ መጣብኝ። ታናሻችን ነው፤ አብሮን ወርዶ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደው። ለይኩን ፊቱ ጠቆረ፣ ተነሥቶም ገባ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም፤ የወንድሜን እልህ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ በማለዳ ክኒን ገዝቶ መጣና በእፍኙ እየዘገነ ጆንያው መካከል በተነው። አኩርፎ ነበርና ለማንም ትንፍሽ ሳይል ወደ እርሻ ወረደ። ክኒን በየዓመቱ ይጨምራል፣ አዲስ ነገር አልመሰለውም። ግን አምና እዚያ የሚተኛ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳውም ንፋስ እንደ ልቡ ይገባበት ይወጣበት ነበር።

ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ አንድ ዶፍ ጥሎ ሄደ። የሣር ጣሪያው በጆንያው በኩል ያፈሳል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዙን እንደሚለቅ የነገሩኝ ኋላ ነው። እኔ ከለቅሶ ቤት ስመለስ ግቢው የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሁለት ዶሮዎች ጎጆዋ ግድግዳ ሥር ተጋድመዋል። ስርጉት ከዛፉ ሥር ሰሊጥ ታበጥራለች። ልጅቷስ አልኳት። ጎጆ ውስጥ ተኝታለች፣ ዛሬማ እንቅልፉ ተስማምቷት ድምጿም የለ አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። በሩን ስከፍት ሽታው ደረቴን አነቀኝ። መስከረም አስታውካ በጎኗ ወድቃለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ እጇ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል። ይዣት ስወጣ ስርጉት ሰፌዷን ጥላ ጮኸች።

በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ባንተአምላክ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ፣ ለይኩን ከነጭቃው ከእርሻ ደረሰ። ዶክተሩ ስንት ክኒን ነው ብሎ ጠየቀው። ለይኩን መዳፉን እንደ እፍኝ አድርጎ አሳየ። ዶክተሩም ማርከሻ የሚባል የለውም፣ ኦክስጅን እንሰጣታለን፣ ልቧ ከቻለ ትተርፋለች ብሎን ገባ።

በረንዳው ላይ ቀረን። ስርጉት መሬት ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ለይኩን ወደ መምህሩ ዞረ።

«ባንቴ፣ ሰውም ይለምዳል አይደል?»

ባንተአምላክ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሱን አየው።

«ይለምዳል» አለ። «ትለምደዋለች።»

በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ይህ ሰው በክርክር እጅ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እጅ ከሰጠ አበቃላት፣ ልጅቷን በልቡ ቀብሯታል አልኩ።

መስከረም ግን ዳነች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይዘናት ስንገባ ጎረቤቱ እልል አለ። እኔም እልል እያልኩ ፍርሃቴ አልወጣልኝም። ለካ ፍርሃቴ እውነቱን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለይኩን ሊጠይቅ ለመጣው ሁሉ ልጄ መርዙን ለመደችው፣ መምህሩ ራሱ መስክሯል እያለ ያወራ ጀመር። ባንተአምላክ መጣና ለመነው። ስላሳዘንከኝ ነው የዋሸሁህ፣ ልጅቷ የተረፈችው እትዬ አሰፋች ደርሰው ስላወጧት ብቻ ነው፣ የተጎዳ ልብ ነው ያላት፣ ሁለተኛ ከሸተታት አትችለውም አለው። ለይኩን ትከሻውን መታ አደረገውና ሳቀ።

«ተረታህ እኮ፣ አትቀየም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መምህሩ ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ አይወጣም፣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ነቀዙ እንዳለ ነው። ዛሬ ጠዋት ለይኩን ክኒን ገዝቶ ጎጆዋ ውስጥ በትኖ ሄደ፣ ሰማዩም ከሱዳን በኩል ጠቁሯል። ቀትር ላይ ስርጉት ልጅቷን ከነመኝታዋ ይዛ ወደ ጎጆዋ ስትሄድ ደረስኩባትና መስከረምን ከእጇ ነጠቅኳት። አልተቆጣችም። ባሏን አምናው ነው፣ ወይም ማመን ፈልጋ። «እትዬ፣ አይፍሩ፣ ለምዳዋለች እኮ» አለችኝ፣ ለእኔ አዝና።

አዝያት ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። ይኸው ላቧ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል፣ ቬንትሌተሩ እሳቱን ያራግብብናል፣ እሷም ጡት ፈልጋ ትንፈራገጣለች። እሹሩሩ አልኳት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ እንቢ አለች። እኔ ጡት የለኝም። ስርጉት ከጎጆዋ በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ትጠራታለች።