ያልተዳሰሰ እግር

ጫማ ሰፊውን ሰፈሩ «ቀደዳው» ይለዋል። እጁ ሲሰፋ አፉ ይቀድዳል። አንድ ጊዜ የሠራሁት ጫማ ጌታውን እቤት ጥሎ ብቻውን ገበያ ደርሶ ተመለሰ ይላል፤ ዋጋ ተከራክሮ፣ ቅናሽም አስደርጎ። አፉ ቢዋሽም ጫማው አይዋሽም ነበርና ዋሸህ ብሎ የተቀየመው የለም።

ሙያው ጣቱ ላይ ነው። ሜትር የሚባል ነገር አይነካም። የደንበኛውን እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሳል። ጫማው ሲያልቅ ያስጠልቅና «የት ጋ ቆነጠጠህ?» ይላል። ደንበኛው ሲያሳየው አውልቆ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ የጎረበጠውን ሳያገኝ አይመለስም።

አንድ ሰኞ እትዬ ደጃፍ መጣች። ስሟን የሚያውቅ ስለሌለ ነው እንዲህ የምትባለው፤ ውሎዋ ከወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ነው። የእግር ጣቶቿን ሥጋ ደዌ በልቶባታል። ሐኪሞቹ ድነሻል ካሏት ቆይተዋል፤ ሰው ግን ገና አላዳናትም።

ሰባኪው በዋዜማው፣ የገፋነው ሰው ሁሉ ክርስቶስ ራሱ ነው፣ እሱን ደጅ አስቀምጠን ውስጥ ስሙን እንጠራለን ብሎ ነበር። ከሁሉ ጮክ ብሎ አሜን ያለው ቀደዳው ነው። እሷም በር ላይ ሆና ድምፁን ለይታዋለች።

«ወንድሜ፣ መግባት እፈልጋለሁ» አለችው። በሩ ላይ የሚቆመው የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ በጨርቅ የተጠቀለለ እግር ምንጣፍ ያበላሻል፣ ጫማ ካደረግሽ ግን ማን ይከለክልሻል ብሏት ኖሯል።

ቀደዳው እጁን ሊዘረጋ ሲል አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች አየ። አንደኛው እግሩን ሰብስቧል። ዓይኑ፣ እሷን የነካ እጅ ነገ እኔን አይነካም ይላል። ቀደዳው መቼ ዘዴ ያጣል፤ ካርቶን ወረወረላትና የንግሥት እግር ለእንደኔ ያለው አይፈቀድም፣ ራስሽ አስምሪው አላት። ደንበኞቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ጎንበስ ብላም እግሯን በእርሳስ ዞረችው።

ቆዳው የለሰለሰ፣ ስፌቱ ዓይን የሚስብ ጫማ ሠራላት። ስታጠልቀው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣

«የት ጋ ቆነጠጠሽ?»

«የትም።»

ሳምንቱን ሙሉ ያልሰማ የለም። በመጀመሪያ ቀኑ የማይቆነጥጥ ጫማ ከእኔ በቀር የሠራ ካለ ይምጣ እያለ ቀደደ።

እሑድ ገባች። አጠገቡ ስትደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጫማዋን አሳየችው። እስከ ፊት ሄዳ፣ ቆማ ዘመረች። ሕዝቡ ሲበተን ምንጣፉ ላይ ከበሩ እስከ ፊት ድረስ ቀይ ነጠብጣብ ተሰልፏል። አስተናጋጁ፣ አላልኳችሁም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ቀደዳው ሮጦ ደረሰባት። ተንበርክኮ ጫማዋን አወለቀ፤ ያን ጊዜ ገና እግሯን ያዘ። የሶሉ ሚስማር ዘልቆ ገብቷል፣ አውራ ጣቱ ዘወትር የሚያልፍበት ቦታ ላይ። «የትም» ያለችው እውነቷን ነው፤ ያ እግር ሕመም ከተሰማው ዓመታት አልፈዋል።

«ምን ያስለቅስሃል? እኔን እንደሆነ አላመመኝም» አለችው።

«ሳልነካሽ ሠራሁት፣ እትዬ።»

«ይኸው ነካኸኝ አይደል?»

ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪም ቤት ያስገባት እሱ ነው። ከግርጌዋ ተቀምጦ ገበያ ስለሄደው ጫማ ሲያወራላት እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ቅናሹ ላይ ሲደርስ ድገመው ትለዋለች። እግሯን ደጋግሞ እየዳሰሰ፣ አንዲት ሚስማር የሌለችበት፣ በክር ብቻ የተያዘ ሌላ ጫማ ጀመረላት። ለወትሮው እጁን የሚቀድመው አልነበረም፤ ደሟ ውስጥ የገባው መርዝ ግን ቀደመው።

ጫማውን ይዞ ሲደርስ ነርሷ አንሶላውን በእትዬ ፊት ላይ እየሳበች ነበር። ትንሽ ቆዪልኝ እህቴ ብሎ ለመናት። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰድዶ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሁለቱንም አጠለቀላት። በልማዱም፣

«የት ጋ ቆነጠጠሽ?» አላት፤ እጁን ከእግሯ ሳያነሳም መልሷን ጠበቀ።