የኸይሩ ዐጀላ

«ጎማውን በደንብ እጠበው እንጂ! ጭቃው ይናገርብሃል እኮ!»

ማሬ ትስቃለች፣ ዘመኑ ያጥባል። ልጃቸውን አዝላ፣ በጀሪካን ውሃ እያፈሰሰችለት ነው። ገና እየነጋ ነው።

«አንቺ ትስቂያለሽ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አልወጣባትም ብለህ የማልክባትን ዐጀላ ልትመልስ የምትሄደው እሷው ላይ ወጥተህ! እንዲህ ያለ ነገር የት ተሰምቶ ያውቃል?»

እውነቷን ነው። ዐጀላዋ፣ ቢስክሌቷ ማለቴ ነው፣ እዚህ ሁሉም ሰው ዐጀላ ነው የሚላት፣ የዘመኑ አይደለችም። የኸይሩ ናት። ኸይሩ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ባለሱቅ ነው፣ ዘመኑ ደግሞ ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ መንደር 8 አጠገብ የቀረ የቀን ሠራተኛ። የኸይሩን ጆንያ ሲያወርድለት ነው የተወዳጁት። ዐጀላዋን ለኸይሩ የሸጠለት አንድ ፈረንጅ ነው፤ ከግብፅ ጀምሮ ሲጋልባት መጥቶ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ሲታመም ሸጧት ሄደ። እጀታዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፣ ጎማዋ ወፈር ያለና ጥርስ ያለው፣ ጠጠር ላይ ሽርርር የምትል ነገር ናት። ኸይሩ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ በሰሊጡ መሃል አድርጎ፣ በወንዙ ዳር አድርጎ፣ እስኪመሽ ይዟት ይጠፋ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣና ወደ ግብፅ ሲሰደድ ሱቁን ለአጎቱ ልጅ፣ ዐጀላዋን ለዘመኑ አደራ ሰጠ።

«ሰው እንዳይነካት። አንተም ራስህ እንዳትወጣባት። በማርያም ማልልኝ» አለው።

ዘመኑ ማለ።

ስምንት ወር ሙሉ ጠበቀ። ከጎጆው ጣሪያ ላይ በገመድ ሰቅሎ፣ በጆንያ ሸፍኖ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘመኑ ዐጀላ እንደ ቋንጣ ያደርቃል» እያለ ሳቀበት። ከዚያ ማሬ አረገዘች። ቤንዚን ጠፋ። የእርሻው ወኪል መኪናውን አቁሞ «በየእርሻው እየዞረ የደረሰውን ሰሊጥ የሚያይልኝ፣ ዐጀላ ያለው ሰው አምጡልኝ» አለ። ሰሊጥን ታውቁታላችሁ መቼም፤ አንድ ቀን ካሳለፋችሁት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይደፋዋል፣ አንድ ቀን ከቸኮላችሁ ደግሞ ገለባ ነው የምታጭዱት። ዘመኑ ገመዱን ፈታ። «ለአንድ ቀን ነው» አለ። ይኸው አንድ ቀኑ ድፍን ዓመት ሆነው።

ትናንት ታዲያ በሹፌር መልእክት መጣ። ኸይሩ ተመልሷል። ወድ ኤል ሒለው ከተማ፣ እህቱ ሰውዳ ቤት ነው ያረፈው፣ ዛሬ ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ ገላባት ይወርዳል፣ ከዚያ መተማ። «ዐጀላዬን አምጣልኝ» ብሏል።

«ከተማው ጥግ ስትደርስ ወርደህ ግፋት» አለች ማሬ። «ሌሊቱን ሙሉ እየገፋሁ መጣሁ በለው።»

«ላቤስ?»

«ላብ የነዳና የገፋ አይለይም፣ ሂድ!»

ሄደ። ያ አገር ጉብታ የሚባል ነገር የለውም። መንገዱ ከጥቁሩ መሬት ከፍ ብሎ የተደለደለ ጠጠር ነው፣ ግራና ቀኙ ሰሊጥ፣ ከሰሊጡ ማዶ ማሽላ፣ ከማሽላው ማዶ ሰማይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘመኑ ይዘፍናል። ዛሬ ግን ዓይኑን ከጎማዋ ላይ አያነሳም። ሲፈጥን ጠጠሩ ቀለሟን ይልጠዋል ብሎ ይፈራል፣ ሲያዘግም መኪናው ያመልጠኛል ይላል። ውሃ ያቆረ ቦታ ሲደርስ ወርዶ በትከሻው ተሸከማት፣ እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገባ፣ እሷ ደረቅ ወጣች።

አጫጆች ከሩቅ አይተውት እጃቸውን አወዛወዙ። «ባለ ዐጀላው! የእኛ ደረሰ ወይ?»

ዝም ብሎ ሊያልፍ ነበር። እግሩ ግን እምቢ አለ። ወርዶ አንድ አገዳ ያዘ፣ የታችኛውን ፍሬ በጥፍሩ ሰነጠቀው። ነጭ ነው፣ ሊከፈት ነው።

«ዛሬውኑ ግቡበት! ነገ አታገኙትም!» ብሎ ጮኸላቸውና ተመልሶ ወጣ። ወጥቶ ሲሄድ ነው ነገሩ የታየው። ይኼ ሁሉ ሰው ያውቀዋል! በዚህ መንገድ ላይ «ባለ ዐጀላው» ያላለው ማን አለ? አንዱ ኸይሩ ፊት ቢጠራውስ?

የሰቲት ወንዝ ዳር መሬቱ ድንገት ይቦረቦራል፣ ገደላ ገደል ይሆናል። እዚያ አንድ ግራር ሥር ቆመ። ከኋላዋ እሱ ራሱ ያስገጠመውን የዕቃ መጫኛ ብረት አራቱን ብሎን ፈትቶ አወለቀው፣ ብሎኖቹን ኪሱ፣ ብረቱን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ መግፋት ጀመረ። እኔ የምላችሁ፣ ዓመት ሙሉ የጋለባትን መግፋት አያውቅበትም ነበር። ፔዳሏ እየዞረ ቁርጭምጭሚቱን ይመታዋል።

ወድ ኤል ሒለው መግቢያ ላይ የአሰጋሽ ሻይ ቤት አለ። አራት እንጨትና የሣር ጣሪያ ነው። አሰጋሽ ዘመኑን በየሳምንቱ ሻይ የምታጠጣ፣ የመሐላውንም ነገር ከራሱ አፍ የሰማች የጎንደር ሴት ናት፣ ምላሷ አያርፍም።

«አንተ ባለ ዐጀላ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ትገፋለህ? ፈነዳብህ?»

ከሣሩ ጥላ ሥር አንድ ሰው ቀና አለ። ቀጭን፣ ጢሙ ያደገ። ኸይሩ ነው። ቀኝ እግሩን እንደ እንጨት ወደ ፊት ዘርግቶ የገላባቱን መኪና ይጠብቃል።

ዘመኑ አሰጋሽን አያት። እሷም አየችው፣ ኸይሩን አየች፣ ዐጀላዋን አየች። ገባት።

«ማለቴ... ከሩቅ ሳየው ዐጀላ የያዘ ሰው ሲገፋ አይቼ ነው» አለችና ስኒ ማጠብ ጀመረች።

«ያ ዞል! አንተ ሰው!» ኸይሩ የሻይ ቤቱን ምሰሶ ተደግፎ ተነሳ። ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተማቱ። «አህለን፣ አህለን! እየገፋህ መጣህ? ከመንደር 8?»

ዘመኑ አፉን ከፈተ። አሰጋሽ ቀደመችው።

«ጫማውን እየው እስቲ! ጭቃውን! የነዳ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

«ወላሂ ልክ ነሽ» አለ ኸይሩ። ዐጀላዋን በመዳፉ ዳበሳት፣ እጀታዋን፣ መቀመጫዋን። ጎማው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ጎማዋ ግን ሳሳ።»

«ፀሐይ ነዋ» አለች አሰጋሽ። «የገዳሪፍ ፀሐይ ሰውም ያሳሳል፣ አንተን አላየህም?»

ኸይሩ ሳቀ። ተቀመጠ። ጉልበቱን በእጁ መታ መታ አደረገው።

«አይታጠፍም። በረሃ ላይ ከመኪና ወድቄ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ዐጀላ የለም ለእኔ።»

«ማዐለሽ፣ አይዞህ ወንድምየ» አለ ዘመኑ። ጆንያው ትከሻውን እየቆረጠው ነው፣ ሊያወርደው ደግሞ ፈራ፤ ብረቱ ቢንኳኳስ?

«ስማ ዘመኑ። ሱቄ የለም። የአጎቴ ልጅ ሸጦት ሄዷል፣ የት እንዳለ እንኳን አላውቅም። ፍራሹን የተውኩለት ጎረቤት ፍራሹን በልቷል። የአባቴን ሬዲዮ የያዘው ሰውዬ መቼ ሰጠኸኝ ነው የሚለው። ስመጣ በመንገድ ላይ ምን ስል ነበር መሰለህ? ዘመኑም ከበላኝ ሰው የሚባል ነገር የለም እል ነበር።»

ዘመኑ አሰጋሽ የቀዳችለትን ሻይ ቶሎ ጠጣው። አፉ ተቃጠለ።

«አንተ ግን ይኸው። ያንን ሁሉ መንገድ ገፋሃት። እኔ ልረከባት ነው የጠራሁህ። ልሸጣት ነበር፣ አልሸጥም። ያንተ ናት። አልነካሃትም፣ ስላልነካሃት ያንተ ናት። ንዳት!»

አሰጋሽ ስኒ ማጠቧን አቆመች። ለዘመኑ በዓይኗ «ዝም በል» አለችው። እንዲያውም በእግሯ ነካችው።

ዝም ቢልስ? ማንን ይጎዳል? ኸይሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል፣ መተማን ይሻገራል፣ ደግሞ አይመጣም። ነገ ጠዋት ወኪሉ ይጠብቀዋል፣ ሰሊጡ ይጠብቀዋል። ማሬ አለች፣ ልጁ አለ። ያለ ዐጀላ ዘመኑ እንደገና ማጭድ ይዞ ወገቡን ማጉበጥ ነው። ብቻ ዝም ማለት ነው። መዋሸት እንኳን አይደለም፣ አሰጋሽ ዋሽታለታለች።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ኸይሩ። «ጆንያውንስ ምን ተሸክመህ ነው የምታወራኝ? አውርደው እንጂ።»

ዘመኑ አወረደው። መሬት ላይ አላስቀመጠውም። አፉን ፈታ፣ እጁን ከተተ፣ ብረቱን አውጥቶ ሻዩ የተቀመጠበት ሣጥን ላይ አኖረው። ስኒው ተንቀጫቀጨ። ከኪሱ አራቱን ብሎኖች አወጣ፣ አንድ በአንድ አጠገቡ ደረደራቸው።

«ስምንት ወር ሰቅያት ነበር» አለ። «ከዚያ በኋላ ግን አልሰቀልኳትም።»

«ወይ ዘመኑ!» አለች አሰጋሽ፣ ፊቷን አዞረች።

ኸይሩ ብረቱን አየ። ከዐጀላዋ ኋላ ቀለሙ የተላጠባቸውን ቀዳዳዎች አየ። አንድ ብሎን አንስቶ እያነከሰ ሄደ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከተታት። ልክክ አለች። ጣቱ ብሎኗ ላይ እንዳለ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የገላባቱ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ኸይሩ ዞር አላለም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ሱቃችሁ የተበላባችሁ፣ ጉልበታችሁ የማይታጠፍ፣ መኪና የሚጠብቃችሁ እናንተ ብትሆኑ፣ ያቺን ብሎን ለዘመኑ ታጠብቁለታላችሁ ወይስ ፈትታችሁ ዐጀላችሁን ትወስዳላችሁ?