ቁርጥራጭ ጨርቅና ካምቢዮ

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፤ ሰዓቱን አይታ በረንዳ ትወጣለች፣ ግቢ የቆመችውን መኪና በክፉ ዓይን ገርምማ ትመለሳለች። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነው። አራት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ! ባሏን ለንግግር ሐኪም ልታሳይ ነው፤ ዛሬ ካመለጠ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑን ሽባ አድርጎ አንደበቱን ዘጋው። ሐኪሞቹ «አዎ ለማለት አንዴ፣ አይደለም ለማለት ሁለቴ በከዘራህ ምታ» ብለው፣ እስክሪብቶ እያሳዩ «ይህ ማንኪያ ነው?» ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ብሆን አዞር ነበር። ልጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ «እማዬ፣ አባዬ የሚገባው አይመስለኝም» ማለት ጀመረች፤ እናትየውም ሳይታወቃት አመነች። ዛሬ የሚታየው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሰውየው ውስጡ አለ ወይስ የለም።

በሰው መኪና እንዳትወስደው፣ ሊያስገቡት ሲሞክሩ በደህና እጁ የበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ወይ ፍንክች ይላል። ከራሱ መኪና በቀር አይገባም። የራሱ መኪና ደግሞ ሰሞኑን አመል አውጥታለች፤ ማርሽ ሲገባላት ቆማ ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ እንደ በቅሎ ትራገጣለች። የሰፈሩ መካኒክ የካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ዘይት አሽትቶ አፍንጫውን ያዘ። «ተቃጥሏል እትዬ። ወርዶ ይታያል፤ ሁለት ሳምንት ስጪኝ።»

«ሁለት ሳምንት ለራስህ!» አለችውና ዘይት፣ ፊልትሮና ዘይት እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝታ ገባች። ሃያ ስምንት ዓመት እሱ መኪና ሥር ተኝቶ ሲፈታ ሲገጥም ባትሪ ስታበራለት የኖረች ሴት ናት። እንኳን ብሎኑን፣ ስድቡን ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት ባሏን በረንዳው ላይ ካለው ወንበር አስቀመጠችው። ያኔ ታላቅ እህቷ ደወለች። «እንዴት ነው እሱ?» ስትላት፣ ከሰውየው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ፣ «ሰውየውማ ከሄደ ቆየ እትዬ። እኔ ወንበሩን ነው የምጠብቀው» አለች። ብላ ዘጋች፤ ረሳችውም።

መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ የብረት ድጋፎቹን አስገብታ፣ ካርቶን አንጥፋ ከሥር ተንሸራተተች። የካምቢዮውን ኮፓ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ያን ዝርግ ሳህን፣ በአንድ ጥግ ስታላላው ዘንበል አለና ዘይቱ በክርኗ አድርጎ እስከ ብብቷ ወረደ። ቀይ መሆን የሚገባው ጠቁሯል። «እሰይ! ቅባት አምሮኝ ነበር» አለች ለራሷ። ፊልትሮውን ለወጠች። ኮፓውን ከስፌት ክፍሏ ባመጣችው ቁርጥራጭ ጨርቅ ፈትጋ ፈትጋ አጸዳችው፤ ጨርቅ እንደሆነ ከእሷ ቤት አይጠፋም። ጓርኒሲዮኑን አኑራ ብሎኖቹን እሱ እንደሚያደርገው ፊት ለፊት እያፈራረቀች አጠበቀች። ስትወጣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አዲሱን ዘይት ለመጨመር ክዳኑን ስትይዝ ከዘራው ወለሉን መደብደብ ጀመረ።

«ምንድን ነው? ውኃ?»

ቋ፣ ቋ።

«ፀሐዩ ነው?»

ቋ፣ ቋ።

ሁለት ሁለቴ እየመታ መሆኑን ልብ አላለችም። ሰዓቱ ነበር የሚታያት። እሱ ግን ከዘራውን ዘርግቶ መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ በቆልማማው ጫፍ ጎተተና እግሯ ሥር አደረሰላት።

ደሟ ፈላ። «ጨርቁን አነሳዋለሁ! አጥበዋለሁም! አሁን የጨርቅ ሰዓት ነው?» ብላ መንጭቃ አነሳችው። በዘይት የራሱት ጣቶቿ ላይ ነጭ ብናኝ ተለጠፈባት፤ ስስ ፀጉር የመሰለ፣ ብዙ።

ክው አለች።

ማታ ማታ የስፌት መኪናዋን መርፌ ሥር በብሩሽ የምትጠርግ እሷ ናት። ይህች ብናኝ ተጠራቅማ ማሽን ስታንቅ ስንት ጊዜ አይታለች! የካምቢዮ ዘይት ደግሞ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው የሚሄደው። ይህን ያስተማራት እሱ ነው፤ እሱ ኮፓ ሲያጸዳ አንድም ቀን ብናኝ የሚተው ጨርቅ አስነክቶ አያውቅም።

«ውስጥ ቀርቷል ነው የምትለኝ?»

ቋ።

«እንደገና ልፍታው?»

ቋ።

እየሮጠች ከማሽኗ ብሩሹን አምጥታ ተመልሳ ከሥር ገባች። ብሎን ያመልጣታል፣ እሷም እሱ ይሳደብ የነበረውን ትሳደባለች። ኮፓው ሲወርድ ብናኙ የብረት ፍቅፋቂ ከሚለቅመው ማግኔት ዙሪያ እንደ ሽማግሌ ጢም በቅሎ አገኘችው። ሳቋ መጣ። ሳቋ ግን ግማሽ ላይ ቀረ። ሰውየው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል፣ ገብቶታል። ዓይኑ እንዲህ ከሆነ ጆሮውስ?

«የልጄ አባት» አለች ከመኪናው ሥር፣ በጀርባዋ እንደተኛች። «ጠዋት ከእትዬ ጋር ሳወራ… ሰምተኸኝ ነበር?»

ከዘራው በቀስታ መሬቱን ነካ። አንዴ።

እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ በዘይት እጅ ዓይን አይጠረግ ነገር። «ይቅር በለኝ» አለች። ከዘራው መልስ አልሰጠም። መሥራት እንጂ ምን ታደርጋለች? ብሩሿን አንስታ ጠረገች፣ ጠረገች፣ ገጠመች።

መኪናዋን ከድጋፎቹ አውርዳ ዘይቱን ጨመረች። ሞተሩን አስነስታ፣ ማርሹን በየተራ እየነካካች ሞተሩ እንደበራ በመለኪያው ዘንግ ለካች፤ ልክ ነው። እሱን ደግፋ ከጎኗ አስቀመጠችው። ትንፋሿን ውጣ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ አላሰበችም፣ አልተራገጠችም፤ እንደ ሰው መኪና ሄደች። እስከ ግቢው በር ነድታ አቆመችና ልትታጠብ፣ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት በረረች። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

አንዱን ጫማ አግኝታ ሌላውን ከአልጋ ሥር እያሰሰች ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሷ ጫማ ፍለጋ ሲረዝም እሱ በር ላይ ሆኖ ክላክሱን ሦስቴ ያስጮህ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ከአምስት ወር ወዲህ የጮኸ የለም።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

በአራት እግሯ እንደተንበረከከች ደርቃ ቀረች። በግራ እጁ መሪው ድረስ ተንጠራርቶ ነው።

«መጣሁ አልኩህ እኮ!» ብላ ጮኸች፣ እያለቀሰች፣ ባንድ እግር ጫማ።