የግራ እጅ አውራ ጣት

ጠራዥዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ መጽሐፍ ሰፍታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን የማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ መኪኖቹም እየተለወጡ መጥተው በመጨረሻ ራሳቸው አጥፈው ራሳቸው የሚያጣብቁ ሆነዋል። በእጅ የሚሰፋ ሥራ ሲመጣ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ መስኮቱ ነው። ወረቀቱን ታጥፋለች፤ በሰም በታሸ ክር ትሰፋለች፤ ጀርባውን ሙጫ ቀብታ የብረት መጭመቂያው ውስጥ ታስገባና ከላይ ያለውን የመኪና መሪ የሚያህል እጀታ እስኪጠብቅ ታዞራለች። የወረቀት ክምር መጽሐፍ የሚሆነው እዚያ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ያ እጀታ አልዞር አላት። ሁለት ጊዜ ስታዞረው ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል፤ ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛውን ተደግፋ ትቆማለች። ፊቷ ከምትሰፋው ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ኩላሊቷ መድከም ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። የደከመ ኩላሊት፣ ሐኪሙ እንዳስረዳት፣ ሰውነት ደም እንዲሠራ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያሳንሳል፤ በዚያ ላይ ደም የሚሠራበት ብረት ከሰውነቷ ተሟጧል። ስድስት ወር የብረት ክኒን ዋጠች። ክኒኑ ሆዷን ከማወክ በቀር የፈየደላት ነገር አልነበረም።

በሥራ ቦታ ግን ማንም አያውቅም። ለጠየቃት ሁሉ ጨጓራ ነው ትላለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግራት ነበር፤ ያ ድምፅ ተመልሶ እንዲመጣ አልፈለገችም።

አለቃዋ በሌለበት "ሙጫ" የሚባል ሽማግሌ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አርባ አሮጌ ጥራዞች በወሩ መጨረሻ እንደሚልክና እንደገና መሰፋት እንዳለባቸው ነገራት። የማትችል ከሆነ አሁኑኑ ትንገረው፤ ባለ መኪና ድርጅት ይወስዳቸዋል። መኪናው የድሮውን ስፌት ቆርጦ ጥሎ በሙጫ ብቻ እንደሚያጣብቃቸው ታውቃለች። አርባዎቹ ከሄዱ ደግሞ መስኮቱ ሥር የካርቶን ማስቀመጫ እንደሚሆን አላጣችውም።

"እችላለሁ፣ ጋሼ" አለች።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ክኒኑን አስቁሞ ብረቱ በደም ሥር በኩል እንዲሰጣት ቀጠሮ ያዘላት። ቀኑን እንደ ሠርግ ቀን ቆጠረች። ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው ግን የደከመ እጇ ስቶ መርፌውን ግራ አውራ ጣቷ ውስጥ ሰካው። ጣቷ አበጠ፤ ቀላ፤ መግል ቋጠረ። ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ትነክረዋለች፤ ቀን በጓንት ትሸፍነዋለች። ለማንም አልተናገረችም። ተናግሬ ቀጠሮው ቢሰረዝስ ብላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ታላቅ እህቷ አብራት ሄደች። እህትየዋ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት፤ ዛሬም ሰው ሁሉ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ይመስላታል። የሕክምናው ክፍል አራት ወደ ኋላ የሚዘረጉ ወንበሮች፣ አራት የጉሉኮስ መስቀያዎችና ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት ያለበት ነው። ነርሱ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ሲሆን፣ ድምፁ ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ለስላሳ ነው። የደም ግፊቷን ለካ፤ ትኩሳቷን ለካ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ጥያቄዎቹን ደረደረ። ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቆጥቷቸው ያውቃል? አያውቅም። ሰሞኑን ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽንት ማቃጠል? የለም። ሰውነታቸው ላይ የቆሰለ ነገር?

"ምንም የለኝም" አለች ጠራዥዋ፣ ግራ እጇን ጨብጣ።

ትኩሳቱ ያልታየው ጠዋት የራስ ምታት ክኒን ስለወሰደች ነው። እህቷ የተጨበጠውን እጅ አየት አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ጠራዥዋ ቀኝ እጅጌዋን ከፍ አድርጋ ክንዷን ዘረጋች። ነርሱ ራሱን ነቀነቀ። የኩላሊት ሕመምተኛ የክንድ ሥር ይቆጠባል እንጂ አይወጋም አላት፤ ምናልባት አንድ ቀን ደሟ በመኪና መታጠብ ቢኖርበት የሚያስፈልገው እርሱ ነው። የእጇን ጀርባ ይዞ መታ መታ አደረገው፤ ወጋ፤ ሥሩ ሸሸ። ሌላ ፈለገ፤ እርሱም ሸሸ። ይቅርታ ጠይቆ በጥጥ ጫነውና፣ "እስቲ ግራዎን ይስጡኝ፣ እናቴ" አለ።

ጠራዥዋ አልሰጠችውም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አየችው፤ ሰሃኑ ላይ ገና ሳይከፈት ተቀምጧል፤ ውስጡ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። ከዚያ ሰዓቱን አየች። ከዚያ እጇን ፈታች።

ነርሱ ጣቷን አገላብጦ ተመለከተ። መርፌውን መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አምስት ቀኑ።"

"ትኩሳትስ?"

"ጠዋት ክኒን ወስጃለሁ።"

እህትየዋ እስካሁን የያዘችውን ለቀቀችው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተሽ አታውቂም? ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ስትሰፊ አንዱን እንኳ ገልጠሽ አላነበብሽም?"

ነርሱ አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ባሰባት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና፣ ጀርምም እንደ ሰው ብረት እንደሚፈልግ አስረዳት። ሰውነት ከቁስል ጋር እየታገለ ሳለ ብረት በደም ሥር ማስገባት ለጠላት ስንቅ ማቀበል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁስሉ፣ ከዚያ ብረቱ።

ይህንን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገውም። እርጥበት ያለበትን መጽሐፍ በችኮላ ጨምቆ የጠረዘ ሰው ሻጋታውን ውስጡ ዘግቶበት እንደሚወጣ እርሷ ለስንቱ ነግራለች። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት አለቃዋን ሙጫን ራሱን ከጠረጴዛዋ አባርራዋለች።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለች።

"ሁለት ሳምንት፤ ቢበዛ ሦስት።"

"ወሩ ያልቃል እኮ።"

"ያልቃል" አለ ነርሱ።

በዚያው ቀን ጣቷ ተከፍቶ መግሉ ወጣ፤ ኩላሊቷን የማይጎዳ ፀረ ጀርም ታዘዘላት። እህቷ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዛ እስከ ቤት ድረስ ፊት ፊት ሄደች። በር ላይ ሲደርሱ፣ ነገ ለአለቃሽ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ ልምጣ ብላ ጠየቀች። ጠራዥዋ እህቷ ማተሚያ ቤት ገብታ ሠራተኛውን ሁሉ ስታሰልፍ ታያትና፣ ራሴ እነግረዋለሁ አለች።

ነገረችው። ሙጫ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"እንግዲህ ጨጓራሽ ኩላሊት ሆኖ አረፈ" አለ። "አሁን እኔ ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?"

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። እንዲያውም ትንሽ ተቆጥቶ ነበር፤ ጠራዥዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል አላት። መልሱን አስባበት አልመጣችም፤ እየተናገረች ነው ያገኘችው። አርባዎቹ አንድ ላይ አይምጡ፤ መጀመሪያ አምስት ይምጡ። የድሮውን ክር መፍታት፣ ገጹን በብሩሽ ማጽዳት፣ ጣቷ ሲሽር ደግሞ መስፋት፣ ይህ ሁሉ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው፤ ትንፋሽ አይጠይቅም። ጉልበት የሚጠይቀው መጭመቂያው ብቻ ነው፤ እርሱ በመጨረሻ ይደርሳል።

ሙጫ ስልኩን አንስቶ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ግማሽ ሰዓት ተጣበቀ። ሴትየዋ ተነጫነጨች፤ በመጨረሻ ግን አምስት እልካለሁ፣ ሦስት ወር እሰጣለሁ፣ ሥራው ካላማረኝ ሠላሳ አምስቱ ወደ መኪናው ይሄዳሉ አለች።

ጣቷ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሻረ። በሦስተኛው ሳምንት ነርሱ የቀኝ እጇን ጀርባ ይዞ ሥሩን በአንዴ አገኘው። የጠቆረው መድኃኒት በጨው ውሃ ተበርዞ፣ ቡናማ ሆኖ በቱቦው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ክንዷን ቀዝቀዝ አላት፤ አፏ ማንኪያ የላሰች ያህል ብረት ብረት አለ። ነርሱ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ፣ ያሳክክዎታል ወይ፣ ደረትዎን ያፍንዎታል ወይ እያለ ይጠይቃት ነበር። ከረጢቱ ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት አስቆያት።

ጠራዥዋ ከወንበሩ ስትነሳ እህቷ አፍጥጣ አየቻት። "እህስ፣ ምን ተሰማሽ?"

"ርቦኛል።"

ሌላ ምንም አልነበረም። ደረጃውን ስትወርድ ያው ድካም፣ ያው የልብ ምት። ነርሱ ቀድሞ ነግሯት ነበር፤ ብረቱ ገና ጥሬ ዕቃ ነው፤ አምስት ሳምንት በየሳምንቱ ትወስዳለች፣ ደሙ ደግሞ የሚሠራው ቀስ በቀስ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብሎ ሲጨምርበት፣ እህትየዋ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ ጫጩት ሆነን እንዳንቀር ብላ መለሰችለት።

ለውጡ መቼ እንደ መጣ ጠራዥዋ በትክክል መናገር አትችልም። ከአራተኛው ከረጢት በኋላ ይመስላታል። አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር መሃል ላይ አለማረፏን አስተዋለች። ሌላ ቀን እጇ ሞቆ አገኘችው። የመጨረሻውን ከወሰደች ከሦስት ሳምንት በኋላ ደሟ ተመረመረ፤ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ የነበረው የደም መጠኗ አሥር ነጥብ አንድ ገብቷል። ሐኪሙ አላጋነነላትም። ኩላሊቱ ያው የታመመው ኩላሊት ነው፤ በየወሩ መምጣት፣ ምናልባትም ወደፊት ብረቱን መድገም ይኖርባታል። እርሷም አላጋነነችውም። ቁጥሩን በወረቀት አስጽፋ ብቻ ወሰደች።

የተሰፉት አምስት ጥራዞች ሳንቃ ሥር ሆነው ይጠብቋት ነበር። ሦስቱ ወር ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ጀርባ ሙጫ ቀብታ መጭመቂያው ውስጥ አስገባችና እጀታውን ያዘች። አለቃዋ እጅጌውን ሰብስቦ አጠገቧ ቆመ።

"ላግዝሽ?"

"እዚያው ቁሙ፣ ጋሼ።"

አንድ ጊዜ አዞረች። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ቆማ ተነፈሰች፤ ጠረጴዛውን ግን አልተደገፈችም። አራት፣ አምስት፤ ብረቱ ካርቶኑን ነክሶ ጠበቀ።

በሳምንቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ራሷ መጣች። ከአምስቱ አንዱን አንስታ መሃሉን ገለጠችው፤ መጽሐፉ ማንም ሳይዘው እንደ ተገለጠ ተኛ። ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለችው። ሌላውን አነሳች። ከዚያ ወደ ሙጫ ዞረችና፣ የቀሩትን ሠላሳ አምስት መቼ ልላክ ብላ ጠየቀችው።

ሙጫ አፉን ከፍቶ ነበር። ጠራዥዋ ቀደመችው።

"አምስት አምስት እያደረጋችሁ ላኩልን" አለች። "የፊታችን ማክሰኞ ግን አታምጡ፤ ሐኪም ቤት ነኝ።"